አሮጌ ቮልስ የምትሸጡ ሰዎች እባካችሁ ስቱኮ አትለጥፉባት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁን የማስታወቂያ ገጽ ሳላነብ አላልፍም፣ በተለይ የመኪና ሽያጩን፣ እና ሰሞኑን እያየሁት ያለ ነገር ስላንገበገበኝ ነው ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው። የድሮ መኪኖች፣ ቮልስ፣ ፊያት፣ ፔጆ 404፣ ያ የጥንቱ ላንድሮቨር፣ «ምንም የማይወጣላት»፣ «እንደ አዲስ የታደሰች»፣ «ቁልፍ ተቀብለው የሚነዷት» እየተባሉ ይወጣሉ፣ ሰው ከሩቅ ብሩን ይዞ ይመጣል፣ ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ይገዛል፣ ከዛ ክረምት ሲገባ ጉዱ ይወጣል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ መታደስ የሚያስፈልጋት መኪና «ለእድሳት» ተብላ፣ ዝገቷም ጉድለቷም ተጽፎ፣ እንዳለች ትሸጥ። በስቱኮ፣ ያ ቀዳዳ የሚደፍኑበት ልጥፍ ማለቴ ነው፣ ደፍኖ ቀብቶ መሸጥ ገዢውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፣ መኪናዋንም ነው የሚገላት፣ እነዚህ መኪኖች ደሞ አንዴ ካለቁ አለቁ፣ ሌላ የሚያመጣልን የለም።

ይሄን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። እዚህ ጅማ ግቢያችን ውስጥ የአባቴ ቮልስ ቆማለች፣ ልንሸጣት ነው። አባቴ መምህር ነበር፣ ከአንድ ቡና ነጋዴ ነው የገዛት፣ እኛን ትምህርት ቤት ያደረሰችን እሷ ናት፣ አጋሮ ለቅሶ፣ ሊሙ ገነት ሰርግ፣ ሰርቦ ገበያ፣ በዛ ሁሉ ጭቃ የሄደችው እሷ ናት። ትልልቁ መኪና ተይዞ ሲያጓራ እሷ ትወጣ ነበር፣ ምክንያቱም ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ የሚያርፈው በሚገፋው ጎማ ላይ ነው። ራዲያተር የላትም፣ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው፣ ጊቤ በረሃ ላይ መኪና ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ሲለምን አባቴ ቀስ እያለ ማርሽ ቀንሶ ይወጣ ነበር። አይኑ ሲደክም መንዳት አቆመ፣ እሷም ቆመች፣ መጀመሪያ አቮካዶው ስር ኋላ ደሞ ቆርቆሮ ተሰርቶላት፣ እና አባቴ ካረፈ በኋላ ከእማዬና ከእህት ወንድሞቼ ጋር ተነጋግረን የሚያድሳት ሰው ይውሰዳት ብለን ወሰንን። እኛ እጅ ላይ ከቆየች ጅማ ነው፣ የጅማ ዝናብ ደሞ የታወቀ ነው፣ ብረት አይምርም።

ልንሸጣት ነው ሲባል ወሬው ሂርማታ ሳይደርስ ደላላ በር ላይ ነበር። አንደኛው ሰውነቱ የተከበረ፣ ንግግሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ዞር ዞር ብሎ አየና «እህቴ፣ እንዲህ ሆና ማንም ዞር ብሎ አያያትም፣ ጋራዥ እንውሰዳትና በስቱኮ እንድፈናት፣ ቀለም ትረጭ፣ ወንበሯን ሸራ እናልብሳት፣ ዋጋዋን እጥፍ አርጌ አሸጥልሻለሁ» አለኝ። ወለሉስ አልኩት። «ወለሉን ማን ያየዋል፣ ምንጣፍ ይነጠፍበታላ!» አለ። ሰውየው በክፋት አይመስለኝም ያለው፣ ስራው እንደዛ ሆኖ ነው የለመደው፣ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው፣ ነገሩ ነውር መሆኑ ቀርቶ እንደ ሙያ መቆጠሩ።

እስቲ ያ ወለል ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩት። የቮልስ ባትሪ ያለው ከፊት አይደለም፣ ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው። ባትሪ በቆየ ቁጥር አሲድ ያንጠባጥባል፣ ያንጠባጠበው አሲድ ደሞ ቀጥታ ወለሉን ነው የሚበላው። የኛዋን ወንበሩን አንስቼ ሳይ ከባትሪው ስር እጄን የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፣ ዳር ዳሩ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል፣ በቀዳዳው መሬቱ ይታያል። ሁለተኛው ቦታ በሮቹ ስር ነው። ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ሳጥን መሳይ ላሜራ አለ፣ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር በዛ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ፊት የሚሄደው፣ ግን ስራው ማሞቅ ብቻ አይደለም፣ የመኪናዋን ቦዲ አጽንቶ የያዘው እሱ ነው። ከውስጥ ነው የሚዝገው። ከውጭ ስታየው ደህና ነው፣ በጥፍርህ ስትነካው ግን ገባ ይላል። የኛ በግራ በኩል ያለው ደህና ነው፣ የቀኙ ግን ከፊተኛው ጫፍ አልቋል፣ ይሄንን ማንም ሊገዛ የሚመጣ ሰው ከመጠየቁ በፊት ነው የማሳየው።

አሁን እዚህ ላይ ስቱኮ ተለጠፈበት እንበል። ስቱኮ ብረት አይደለም፣ ምንም አይሸከምም፣ ዝገቱን ደሞ ከስር አፍኖ ነው የሚይዘው፣ እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ ቆርቆሮው ይባስ ይበላል። አንድ የስራ ባልደረባዬ ከሌላ ከተማ ሰማያዊ ቮልስ ገዝቶ መጣ፣ ቆንጆ ናት፣ ፎቶ ሁሉ ተነስተናል። ጎማ ሲፈነዳበት ክሪኩን አወጣ፣ የቮልስ ክሪክ መግቢያው እዛው በበሩ ስር ካለው ሳጥን ጋር የተበየደ ነው፣ ክሪኩን አስገብቶ ሲያነሳ መኪናዋ አልተነሳችም፣ ክሪኩ ነው ላሜራውን ሰብሮ ወደ ውስጥ የገባው። ስቱኮው ተሰንጥቆ ሲወድቅ ከስሩ የወጣው ጋዜጣ ነበር፣ ቀዳዳው ውስጥ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ! በዛች መኪና ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የወልቂጤን መንገድ ሄዶበታል እኮ። ማን እንደሸጠለት አልጽፍም፣ እሱም ከሰው የገዛ ሊሆን ይችላል፣ ግን የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሰው ያንን ጋዜጣ በእጁ ጠቅጥቋል።

ከዛ በኋላ ያለው ወጪ ደሞ ሌላ ነው። ባትላሜራው፣ የመኪና ቦዲ የሚጠግነው ማለት ነው፣ መጀመሪያ አዲሱን ቀለም መላጥ አለበት፣ ስቱኮውን ማራገፍ አለበት፣ ከስር ያለውን ሳያይ ዋጋ መናገር አይችልም፣ ሲያየው ይደነግጣል። እንዳለች ብትገዛ ኖሮ የቀለሙና የስቱኮው ብር ለላሜራ ይውል ነበር። ሻጩ ለቀለም ያወጣው፣ ገዢው ለቀለሙ የከፈለው፣ ገዢው ደግሞ ቀለሙን ለማስላጥ የከፈለው፣ ሶስቴ ገንዘብ ወጥቶ መኪናዋ ከነበረችበት ወደ ኋላ ሄደች ማለት ነው።

ለገዢዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ስለማያቅ ነው። ከተበላሸ ራዲዮ ስፒከር ውስጥ ማግኔቱን አውጡና ቀለሙን እንዳይቧጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በመኪናዋ ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ፣ ከበሩ ስር፣ ከመብራቱ ዙሪያ፣ ከጎማው በላይ፣ ከመስታወቱ ስር። ብረት ያለበት ቦታ ላይ ይይዛል፣ ስቱኮ የወፈረበት ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ሻጩ ይሄን ስታረጉ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ። ከዛ ከፊት ያለውን ኮፈን ክፈቱ፣ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን እዩ፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው፣ ከኋላ ደሞ ሞተሩ ጠፍቶ ከታች ያለውን ትልቁን ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ መሳይ ብረት፣ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት ግፉት፣ የሚሰማ መንቀሳቀስ ካለው፣ ጓ ጓ ካለ፣ የሞተሩ ብሮንዚን፣ ዘንጉ የሚዞርበት፣ አልቋል ማለት ነው። ደህና ሞተር ላይ ያ ክፍተት ከ0.15 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም፣ ይሄ በእጅ ብዙም አይታወቅም፣ በእጅ ከታወቀ አልፏል።

አሁን ለምን እንደበዛ ይገባኛል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፣ በ2016 ደሞ በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፣ እና አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ድሮ ዶሮ የሚያድርባቸው መኪኖች ዛሬ ደላላ ይፈልጋቸዋል። ዋጋ መውጣቱ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ እንደውም ለቁራጭ ብረት ከመሄድ ያድናቸዋል፣ ግን በፍጥነት አብረቅርቆ መሸጥን ነው ያመጣብን።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። ስቱኮ ካሉት ሌላ አንድ ሰው መጣ፣ መኪናዋን ብዙም አላየም፣ «ሊብሬ አላት?» ነው ያለኝ መጀመሪያ። አላት አልኩት። ታርጋዋስ። አላት። ከዛ መኪናዋን እዛው ተዉት፣ እኔ ሊብሬውንና ታርጋውን እንዲሁም የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ብረት ቆርጬ ልውሰድ አለ፣ የሰጠው ዋጋ ደሞ ከሁሉም የበለጠ ነበር። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ ጎረቤታችን መካኒክ ነው ያስረዳኝ፣ ወረቀት የሌላት ሌላ መኪና ላይ ሊበይዱት ነው። ይሄ ወንጀል ነው። እኔ በዛ ቀን የሰጠሁት መልስ ይቆየኝ፣ ግን ወረቀቱ ገንዘብ ሲያወጣ መኪናዋ ሬሳ ሆና የምትቀርበት ገበያ ውስጥ ነው ያለነው፣ እና ያላወቀ ወራሽ ስንቱ ሸጦ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ስር፣ መሀል ላይ በሚያልፈው ዋሻ መሳይ ብረት ላይ ነው። ወንበሩን አንስታችሁ ቁጥሩን አንብቡ፣ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፣ ዙሪያውን ደሞ የብየዳ ምልክት ካለ እዩ። ብየዳ ካለ ጥላችሁ ውጡ።

ያ ቁጥር ደሞ ብዙ ይናገራል፣ እኔ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል እስከ 1969 ሞዴል ባሉት ላይ፣ ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 11 ከሆኑ ተራዋ ቮልስ ናት፣ ሶስተኛዋ አሃዝ የሞዴሉን አመት ትነግራችኋለች። የኛዋ 118 ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ የ1968 ሞዴል ናት፣ በኛ 1960 መሆኑ ነው፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈው አመት ግን ሌላ ነው። የፈረንጆቹ የሞዴል አመት የሚጀምረው ከፊተኛው አመት ነሐሴ አካባቢ ነው፣ ይሄንንም ልብ በሉ። የሞተሩ ቁጥር ደሞ ከዲናሞው ማቆሚያ ስር ተመትቷል፣ ከፊቱ ፊደል አለው። ኤፍ ከሆነ 1300 ነው፣ ኤች ከሆነ 1500፣ ዲ ከሆነ 1200። የኛ ኤፍ ነው፣ 1300 ማለት ነው፣ ይሄንን ማስታወቂያ ላይ መጻፍ «ምንም የማይወጣላት» ከማለት አይሻልም?

እንዳለች መሸጥ ማለት ደሞ ዝም ብሎ ግቢ ውስጥ ቆማ «ነይ ውሰጃት» ማለት አይደለም፣ ስራ አለው፣ እኔ አሁን እየሰራሁት ያለሁት እሱን ነው። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ መሰብሰብ። አባቴ ምንም አይጥልም ነበር፣ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አንድ ስፖኪዮ፣ የፍሬቻ ብርጭቆ፣ የድሮ ካርቡራተር፣ አንድ የቸርኬ ክዳን፣ ማርሚታ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ካንዴላዎች አገኘሁ። እያንዳንዱ ላይ በሽቦ ካርቶን አስሬ የትኛው የት እንደሆነ ጽፌበታለሁ፣ ብሎኖቹን በቡና ቆርቆሮ። እነዚህን ትንንሽ ነገሮች ፈልጎ ለማግኘት ነው ለሚያድስ ሰው አመት የሚፈጅበት። ደላላው ይሄንን ሲያይ ቆሻሻ ነው ጣይው አለኝ። ስፖኪዮዋ ኦሪጅናል ናት እኮ!

ሁለተኛ፣ እባካችሁ ለቪዲዮ ብላችሁ አታስነሷት። ብዙ አመት የቆመች ቮልስን ባትሪ ገዝቶ፣ ቤንዚን ጨምሮ፣ ሞተሪኖ ማስመታት ነው ትልቁ ጥፋት። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ረግቷል፣ ካርቡራተሩን ይዘጋል። የቤንዚን ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ከሞተሩ በላይ ነው የሚያልፈው፣ ጠብ ካለ ይነዳል፣ የቮልስ ሞተር ቤት ደሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ አንዴ ከያዘው በውሃ አይጠፋም፣ ውሃ እንደውም ያብሰዋል። አይጥ ደሞ አለ፣ ከሞተሩ በላይ ባለው የአየር ማራገቢያ ክዳን ውስጥ ጎጆ ይሰራል፣ አየሩ ስለሚዘጋ ሲሊንደሮቹ ይቃጠላሉ። የኛዋ ወንበር ውስጥ ያለው የኮኮናት ጭረት ግማሹ ጠፍቶ ነበር፣ የት እንደሄደ ያወቅነው ጎረቤታችን ያንን ክዳን ሲፈታው ነው። ተጠቅጥቆ ሞልቶት።

ስለዚህ ምን አረግን፣ ካንዴላዎቹን ፈታን፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨመርን፣ ለቀናት ተውነው፣ ከዛ በዲናሞው ፑሌጃ ላይ ባለችው 21 ቁጥር ዳዶ በቁልፍ ቀስ አርገን አዞርነው። ዞረ! እማዬ በረንዳ ላይ ቡና እያፈላች ነበር፣ ሞተሩ አልተጣበቀም ስንላት እልል አለች። እና ማስታወቂያዬ ላይ የምጽፈው «ሞተር ይነሳል» ሳይሆን «ሞተር በእጅ ይዞራል፣ አልተነሳም» ነው፣ ይሄ ልዩነት ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ነው። ዘይቷንም አውጥተን አይተናል፣ ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ከስር ወንፊት ብቻ ነው ያላት፣ ሁለት ሊትር ተኩል ነው የምትይዘው፣ ወንፊቱ ላይ ብዙ የብረት ብናኝ አልነበረም። ይሄም ይጻፋል።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልበል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጠው። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ወራሾች በሙሉ መስማማት አለባቸው፣ ውጭ አገር ያለ ካለ ውክልና መላክ አለበት፣ ይሄን ሳትጨርሱ ከማንም ቀብድ አትቀበሉ። አንዳንዱ ግን አይጨርስም፣ በቃ በሟች ስም ባለ ሊብሬ ውል ጽፎ ይሸጣል፣ የገዛውም ለሌላ ይሸጣል፣ ሶስተኛው ሰው ጋ ስትደርስ ስም ማዛወር የማይታሰብ ይሆናል፣ መኪናዋ ተሰርታ ሁሉ መንገድ ላይ መውጣት አትችልም። እኛ ማስረጃውን ጨርሰናል። የቀረው ችግር ቦሎ ነው። ቦሎዋ ብዙ አመት አልታደሰም፣ እኔ የሄድኩበት ቢሮ ደሞ ስም ለማዛወር መጀመሪያ ምርመራ ትለፍ አሉኝ፣ እንዴት ብላ ትለፍ፣ ወለል የላትም እኮ፣ ፍሬንም የላትም! ሰውየው ትህትና ነበረው፣ ግን ፎርሙ ላይ እንደዚህ አይነት መኪና የሚባል ነገር የለም። የሚመለከታችሁ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ፣ «ለእድሳት የቆመ» የሚባል ነገር ክፈቱልን፣ መኪናዋ በአዲሱ ባለቤት ስም ትመዝገብ፣ ታርጋው እናንተ ጋ ይቀመጥ፣ ተሰርታ ምርመራ ስታልፍ ይመለስላት። እንደዛ ቢሆን ሊብሬ እየቆረጡ የሚነግዱትም ገበያ ያጡ ነበር።

ዋጋ ስንት ነው ለምትሉኝ፣ የኔ ሀሳብ እንዲህ ነው፣ የምትሄድ ቮልስ ዛሬ ስንት እንደምትሸጥ ይታያል፣ ከዛ ላይ የላሜራው፣ የብየዳው፣ የፍሬኑ፣ የወንበሩ፣ የቀለሙ ወጪ ይቀነሳል፣ ከሱም ላይ ደሞ ለሚደክመው ሰው ልፋት ይቀነሳል። ይሄንን ከባትላሜራው ጋር ተቀምጠን በወረቀት ጽፈነዋል፣ ወረቀቱን ለገዢም አሳያለሁ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «በጣም አረከስሻት» አለኝ። አላረከስኳትም፣ አሁን ያላት ዋጋ ይሄ ነው።

ለገዢ ደሞ ይሄን እላለሁ፣ አትፍሩ። ከአለም ላይ ብዙ ከተሰሩ መኪኖች አንዷ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ ስትወጣ ቁጥሯ 21,529,464 ደርሶ ነበር፣ ስለዚህ እቃዋ ዛሬም ይሰራል፣ ወለሏ ሳይቀር ተቆርጦ የሚበየድ ሆኖ ይሸጣል፣ ከውጭ ማስመጣት ባይቻል እንኳ ጅማ ላይ ላሜራ አጥፎ የሚሰራ እጅ አለ። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፣ ሁለት ሰው ሆኖ በክሪክ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ፓራፋንጎዎቿ በብሎን ይፈታሉ፣ ቦዲዋ ራሱ ከሻንሲዋ በብሎን ይፈታል። ለመማር ከዚህ የተሻለ መኪና አላውቅም፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ለምን እንደዚህ አይነት አንድ አንድ ገዝተው ተማሪዎቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያሰሩበትም እያልኩ አስባለሁ፣ ልጆቹ ብየዳም ኤሌክትሪክም ሞተርም በአንድ ላይ ይማሩባት ነበር። የመስታወት መርጫ ውሃዋ እንኳ በሞተር አይደለም የሚሰራው፣ ከትርፍ ጎማው ነው ንፋስ የሚወስደው! አባቴ ይሄን ለእንግዳ ሁሉ ማሳየት ይወድ ነበር።

እና ቮልስ ለኛ ዝም ብላ የፈረንጅ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተመንግስት ይዛ የወጣችው ቮልስ ናት፣ ያንን ቀን ያላየ ሁሉ ታሪኩን ሲሰማ መኪናዋን አብሮ ነው የሚሰማው። የስንቱ ሐኪም፣ የስንቱ መምህር የመጀመሪያ መኪና እሷ ናት። ሙዚየም ትግባ አይደለም የምለው፣ መንገድ ላይ ትሂድ ነው የምለው፣ ግን በእውነተኛ ብረት።

እንግዲህ ማስታወቂያዬን እዚሁ ልጻፈው፣ ስልኩን እናንተ ማስታወቂያ ክፍል ትቼዋለሁ።

«ለእድሳት የምትሸጥ ቮልስ 1300፣ የ1968 ሞዴል፣ ጅማ። ብዙ አመት ቆማለች፣ አትሄድም። የሞተር ቁጥሯ በኤፍ ይጀምራል፣ ሞተር በእጅ ይዞራል፣ አልተነሳም። ከባትሪው ስር ያለው ወለል አልቋል፣ ከቀኝ በር ስር ያለው ላሜራ ከፊት በኩል አልቋል፣ የግራው ደህና ነው። ፍሬን አይሰራም። ወንበር በአይጥ ተበልቷል። ጎማዎቹ ለመጫን ብቻ ይሆናሉ። አንድ የቸርኬ ክዳን ብቻ አለ። መስታወቶቹ ሙሉ ናቸው፣ በሮቹ በደንብ ይዘጋሉ። ስቱኮ የለባትም፣ ቀለሟ የመጀመሪያው ነው። ሊብሬ፣ ታርጋ፣ የወራሽነት ማስረጃ አለ፣ ቦሎ የለም። በክፍል አትሸጥም። ሊብሬው ለብቻው አይሸጥም። መጥቶ አይቶ፣ ተንበርክኮ ከስር አይቶ መግዛት ነው።»

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመኪና ሽያጭ ገጻችሁ ላይ «ለእድሳት» የሚል ለብቻው ክፍል አርጉልን፣ የሚሄደውና የማይሄደው አንድ ላይ ተደባልቆ ሲወጣ ነው ሁሉም ቀለም ለመቀባት የሚሽቀዳደመው። ሁለተኛ፣ እዛ ክፍል ውስጥ ማስታወቂያ የሚያስነግር ሰው ስለ ወለሉ፣ ስለ ሻንሲ ቁጥሩና ስለ ሊብሬው የግድ እንዲጽፍ ጠይቁት፣ ሶስት መስመር ነው፣ ካልጻፈ አታውጡለት።

ቮልሷን ማየት የሚፈልግ ሰው ማግኔቱንና የእጅ ባትሪውን ይዞ ይምጣ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት ነኝ፣ ጎረቤታችን መካኒኩም ይኖራል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ በአይሱዙ ነው የምትጫነው፣ መጎተት አይሞከርም፣ ጎማዎቹ ኩሽኔታቸው ይዟል፣ ለመጫኛ የሚሆን ሰው እኛ ሰፈር አለ። የቡና ቆርቆሮዎቹንም አይርሳ፣ አብረው ነው የሚሄዱት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ የታወቀ
ከጅማ